አራሚ ነበርኩ፤ ስለምንወዳቸው መጻሕፍት ሳልሸፍን ልናገር

አራሚዋ፦

መጽሐፍ በተነሣ ቁጥር እዚህ የማነበው ሙገሳ ነው። «ድንቅ ነው»፣ «እጅን በአፍ ያስጭናል»፣ «ያላነበበ ይቆጨዋል» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል የለም። እኔ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። መነጽር ያደረግኩት እዚያ ነው፤ መጽሐፍን እንደ ሰው መውደድና እንደ ሰው መቆጣት የለመድኩትም እዚያው ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚሰማኝን ሁሉ ልጻፍ። የሚከፋው ሰው ካለ ይምጣ፤ መጽሐፉን ግን ይዞ ይምጣ።

ከትልቁ ልጀምር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በአባቴ ቤት ከዳዊቱ ጎን የሚቀመጥ መጽሐፍ ነበር። አባቴ ግን ገልጦ ሲያነበው አይቼ አላውቅም። እሱ የሚያውቀው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ስንቶቻችን እንደዚያው ነን! ያ ድምፅ ለአገር የተሰጠ ጸጋ ነው። አንድ ጉዳት ግን አለው፤ ሰምተን ስናበቃ ያነበብን መሰለን፣ መጽሐፉም መደርደሪያው ላይ ቀረ።

እኔ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ። የደረስኩበት ይህ ነው፦ የመጽሐፉ ደካማ ጎን ፍቅሩ ነው። በዛብህ ነገር የሚደርስበት እንጂ ነገር የሚያደርግ ሰው አልሆነልኝም። ሰብለ ወንጌል ትበልጠዋለች፤ እሷስ ተነሥታ ትሄዳለች። መጽሐፉን ተሸክሞ የቆመው የበዛብህ የትውልድ መንደር ማንኩሳ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ጎጆ ሲያቆሙ፣ ልጅ ሲያገኙ፣ ያንንም ልጅ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡት ደራሲው ምንም አይቸኩሉም። በኋላ የበዛብህን ጉሮሮ የሚያንቀው የዚያ ስለት ክብደት ነው። መጀመሪያው ረዘመ ብሎ የሚዘል ሰው መጨረሻው ላይ የሚያለቅሰው ዋጋውን ሳይከፍል ነው።

ጉዱ ካሳንም እወደዋለሁ፤ ማን የማይወደው አለ። ግን አንዳንድ ገጽ ላይ ሰውየው ጠፍቶ ደራሲው ብቻ ሲናገሩ ይሰማኛል። ነገሩ እውነት ነው፤ ርዝመቱ ግን ከአንድ ሰው አፍ የሚወጣ አይደለም። ይህን ስላልኩ የተቀየመኝ ሰው ብዙ ነው፤ አሁንም እለዋለሁ።

በዓሉ ግርማ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ይህን ሳናስብ መጽሐፉን መክፈት አንችልም፤ አይገባንምም። ነገር ግን ሰውየውን ማክበር ማለት የጻፈውን በወጉ ማንበብ ነው። እኔ ሳነበው የመጀመሪያው አጋማሽ የዘመቻ ዘገባ ይሆንብኛል፤ ስብሰባው ይበዛል፣ ንግግሩ ይበዛል። ጋዜጠኛው በዓሉ ደራሲውን ይቀድመዋል። ፊያሜታ ስትመጣ ግን አስመራ ነፍስ ትዘራለች። የበዓሉን እጅ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ የምሰጠው «ከአድማስ ባሻገር»ን ነው። እዚያ ትርፍ ሰው የለም።

ሦስት ጊዜ ጀምሬ የተውኩት የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ነው። «ታላቅ ነው» ይሉኛል፤ በምን ታላቅ እንደሆነ የነገረኝ ግን የለም። ገጽ ስልሳ አካባቢ እደርሳለሁ፣ ማን እንደሚናገር ይጠፋኛል፣ እዘጋዋለሁ። ምክር ያለው ይስጠኝ፤ ከልቤ ነው።

ግለ ታሪክ ላይ ልቤ ይከፋል። ሥልጣን ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ጡረታ ሲወጣ መጽሐፍ ይጽፋል፤ ሁሉም በራሱ መጽሐፍ ውስጥ ንጹሕ ነው። ሌሎች ሲያጠፉ እሱ ሲመክር ነበር። አምስት ስድስት እንደዚህ ያለ ካነበብኩ በኋላ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ» ከፈትኩ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1999 ዓ.ም. ያሳተመውን። በልጅነታቸው ዐድዋን ያዩ፣ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የተመለሱ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ቁጣቸውን አይሸፍኑም፤ የቤተ መንግሥቱን ሰው ፊት ለፊት ይናገሩታል። አንዳንድ ቦታ ለራሳቸው ያደላሉ። ግን አንድ ነገር ሲያዩ ዐይናቸው የት እንደነበረ ይነግሩኛል፤ ይህ ለእኔ ይበቃኛል።

ስለ ስኬትና ሥነ ልቦና ስለሚተረጎሙት መጻሕፍት ብዙ አልናገርም። መንገድ ዳር ተዘርግተው አያቸዋለሁ፤ ስንቱ የተርጓሚው ስም እንኳን የለበትም። አንዱን የገዛ ሁሉንም ገዝቷል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። አንድ ጊዜ አንድ ልብ ወለድ እጄ ገባ። ገጽ 84 ላይ የባለታሪኩ አክስት ትሞታለች፤ ለቅሶው፣ ሠልስቱ ሁሉ ተጽፏል። ገጽ 131 ላይ አክስቲቱ ቡና ታፈላለች። በእርሳስ አስምሬ ደራሲውን አስጠራሁት። ፊቱ ተለወጠ። «የአንቺ ሥራ ፊደል ነው» አለኝ። መጽሐፉ እንደዚያው ታተመ። የምረቃው ዕለት ሄጄ ነበር፤ አዳራሹ ሞልቷል፤ ሦስት ሰዎች እየተነሡ ስለ መጽሐፉ ተናገሩ። አክስቲቱን ያነሣ አልነበረም። ያን ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ የተናደድኩት በደራሲው አልነበረም፤ እሱ ለፍቷል። የተናደድኩት በእኛ በአንባቢዎቹ ነው። ጎበዝ ደራሲ አጥተን አናውቅም። የጎደለን ከረቂቁና ከማተሚያ ማሽኑ መካከል ተቀምጦ «ይህ አይሆንም፣ ይህን ቁረጥ፣ ይህን ጨምር» የሚል ሰው ነው። እሱ ሳይኖር ሲቀር ተራው የእኛ ነው፤ እኛ ደግሞ እናጨበጭባለን።


ጣዝማ፦

ሌላውን ሁሉ እቀበልሻለሁ፣ በበዛብህ ግን አልስማማም። ነገር አያደርግም ትያለሽ፤ ምን ያድርግ? የደኻ ልጅ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው፣ በፊታውራሪ ቤት እንጀራ የሚበላው ልጃቸውን ለማስተማር ነው። ያ ቤት አንድ እርምጃ ቢራመድ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ደራሲው በዛብህን ጀግና ቢያደርጉት ኖሮ ሥርዓቱን ቀላል ያደርጉት ነበር። እሱ እጁ ስለታሰረ ነው እኛ የገመዱ ውፍረት የሚታየን። ደግሞ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነገር የሚያደርግ ሰው አለ፤ አበጀ በለው ገበሬውን ይዞ ፊታውራሪን ገጥሟል። ለምን በዛብህን እንደ አበጀ እንጠብቀዋለን?

የጉዱ ካሳን ንግግር ማሳጠር የሚባለውን ግን በፍጹም። አባቴ እነዚያን ገጾች በቃሉ ይዟቸው ነበር።


ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ «አደፍርስ»ን ሃያ ስድስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ከፋፍዬ አንብቤላቸዋለሁ። ምክር ስለጠየቅሽ ልንገርሽ።

በልብሽ አታንብቢው። ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው። ዳኛቸው ደብረ ሲና የተወለደ ሰው ነው፤ መጽሐፉም የዚያው አገር ሰዎች ሲነጋገሩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲሟገቱ የሚሰማበት ነው። የእኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ጆሮ ነው የሚለየው። ዐይን ብቻውን ሲሄድ ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይናገሩበታል፤ አንቺም ገጽ ስልሳ ላይ የጠፋሽው ለዚህ ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ ስትናገር ርስቷንና ሙግቷን ይዛ ነው የምትናገር፤ አደፍርስ ሲናገር ከተማና ትምህርት ይዞ ነው። ድምፅ ሲወጣለት ማን እንደሆነ ራሱ ይነግርሻል። ሌላው፣ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ አትጠብቂ። አንድ አገር አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያስብ ማየት ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

አንድ ነገር ልጨምር። «አደፍርስ» የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ አንቺ የምትወጂው «ከአድማስ ባሻገር»ም የዚያው ዓመት ነው። ያንቺው እንደ ጅረት ይወርዳል፣ «አደፍርስ» እንደ ዐለት ይቆማል። አንባቢ ወደ ጅረቱ ሄደ። አልፈርድበትም። ዳኛቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973፣ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ ለንደን ታተመለት። በራሱ ቋንቋ ያን ያህል ደክሞ የጻፈው ሥራ ግን ዛሬም አንባቢውን እየጠበቀ ነው፤ ይህ ሲያሳዝነኝ ይኖራል።

ስለ አርታኢ ያልሽው እውነት ነው። ግን ተጠንቀቂ፤ ይህን መጽሐፍ ለጠንካራ አርታኢ ብትሰጪው ግማሹን ይቆርጠው ነበር፤ የሚቆርጠውም ግማሽ መጽሐፉ ራሱ ነው።


የሌሊት ተረኛ፦

እኔ የባንክ ጥበቃ ነኝ። ስለ ስኬት መጻሕፍት «ብዙ አልናገርም» ብለሽ ባለፍሽው ላይ ትንሽ ልናገር።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አንድም መጽሐፍ አልነካሁም። አንድ ሌሊት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከእነዚያ መንገድ ዳር ከሚሸጡት አንዱን ረስቶት ሄደ። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ብዬ ጀመርኩት። ምን እንደሚል ዛሬ ብትጠይቂኝ ብዙው ጠፍቶኛል፤ በጠዋት ስለ መነሣትና ዓላማን ወረቀት ላይ ስለ መጻፍ ነበር። ነገር ግን ሲነጋ ጨርሼው ነበር። አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጨረስኩ! ያን ጠዋት ከሥራ ስወጣ የተሰማኝን ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ሌላ ገዛሁ፣ ከዚያ ሌላ። አራተኛው ላይ ሁሉም አንድ መሆናቸው ገባኝ፤ አንቺ እንዳልሽው ነው። ሻጩን «ሌላ ዓይነት የለህም?» አልኩት። «ከአድማስ ባሻገር»ን ሰጠኝ።

በእነዚያ መጻሕፍት ባልገባ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልገኝም ነበር። በሩን አትዝጉት።


አራሚዋ፦

ወንድሜ፣ ይህን ስላካፈልከኝ አመሰግንሃለሁ። ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ማለፌ ትክክል አልነበረም። የተርጓሚው ስም ይጻፍበት የሚለውን ግን አልተውም፤ አንተን ሌሊቱን ሙሉ ያነቃህ ሰው ስም ሊኖረው ይገባል።

መምህር፣ የእርስዎን ምክር ወስጃለሁ። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።


ከአትላንታ፦

ስለ ትርጉም ሥራ ማንም ሳያነሣ እንዳይቀር ብዬ ነው። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን፣ ማለትም የማርጋሬት ሚቼልን «Gone with the Wind»፣ የተረጎመው በደርግ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ያን ትልቅ ልብ ወለድ በዚያች ቁራጭ ወረቀት! አዲስ አበባ ሳለሁ ሳነበው ትርጉም መሆኑን እረሳ ነበር፤ ባለታሪኳ ስካርሌት በአማርኛ የተወለደች ትመስለኝ ነበር። የነቢይን ያህል አማርኛን የሚያዝ ተርጓሚ ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ እኔ ዛሬ የምኖረው ታሪኩ በተፈጸመባት ከተማ ነው። የደራሲዋ የማርጋሬት ሚቼል ቤት ሙዚየም ሆኖ እዚህ ይገኛል፤ በሥራዬ ምክንያት በደጁ አልፋለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት መጽሐፉን እንደገና አነበብኩት፤ ያንኑ የነቢይን። አልቻልኩም። በወጣትነቴ ያላየሁት ነገር በየገጹ ተደቅኖ ጠበቀኝ። በባርነት የተያዙት ጥቁሮች ጌቶቻቸውን የሚወዱ፣ ባሉበት ደስተኛ የሆኑ፣ ነፃነት ሲመጣ ግራ የሚጋቡ ሆነው ነው የተጻፉት። መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ሲወጣ አሜሪካ እጅግ ወደደው፤ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። እኔም አዲስ አበባ ተቀምጬ ለስካርሌት ርስት ሳለቅስ ርስቱን ማን እንደሚያርሰው አልጠየቅኩም። እዚህ አገር የማውቃቸው ጎረቤቶቼ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው።

ለነቢይ ያለኝ አክብሮት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። በዚያ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ «ነገ» የሚል ቃል ያለበትን መጽሐፍ መምረጡ ይገባኛል። መጽሐፉን ራሱን ግን ከእንግዲህ ለልጄ ስሰጥ አብሬ ቁጭ ብዬ ነው። አንድ መጽሐፍ በአንድ ሰው እጅ ላይ ሁለት ጊዜ እንደዚህ ሊለያይ እንደሚችል አላውቅም ነበር።


መጽሐፍ አዟሪው፦

አሥራ ሰባት ዓመት መጽሐፍ ክንዴ ላይ ደርድሬ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ዞሬያለሁ፤ አሁን ትንሽ ቦታ አለችኝ። እህቴ አርታኢ የለም ትላለች። ትክክል ነው። ግን ከየት ይምጣ?

የእኛ ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው። ከዘመድ ይበደራል፣ ዕቁቡን ያስቀድማል፣ ወረቀት በየወሩ ይወደዳል። ከማተሚያ ቤት የወጣውን ራሱ በታክሲ ጭኖ ያመጣልኛል፤ በአደራ ይሰጠኛል፤ ከእያንዳንዱ ቅጂ እኔም አከፋፋዩም የየድርሻችንን እናነሣለን። ለእሱ የሚተርፈው ብድሩን አይከፍልም። እንዲህ ያለው ሰው ለአርታኢ የሚከፍለውን ከየት ያገኛል? አንድ ደራሲ ለአርታኢ ልክፈል ወይስ ሽፋኑን ላሳምር ብሎ አማክሮኝ ያውቃል። ሽፋኑን አልኩት። እዚህ ቆሜ የምሸጥ ሰው ስለሆንኩ ነው፤ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ሽፋኑን ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ሳነብ ያ ምክሬ ከበደኝ።

ስለ በዓሉ ያልሽውም እውነት ነው። «ኦሮማይ» የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ርዕሱን አይጠራም፤ «ያ ደራሲው የጠፋበት መጽሐፍ» ይለኛል። እሰጠዋለሁ። ተመልሶ መጥቶ ስለ ፊያሜታ የነገረኝ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በጣት የሚቆጠር ነው።


ጠጅ ሣር፦

ግጥምስ? አንድም ግጥም አላነሣችሁም።


አራሚዋ፦

ግጥም ላይ ድፍረት ስለሚያንሰኝ ነው። ይሁን፣ ልሞክር። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «እሳት ወይ አበባ» ዐሥር ጊዜ ከፍቼ ዐሥር ጊዜ ዘግቼዋለሁ፤ ቃሉ ይከብደኛል፤ ስንኙ እንደ ነጋሪት ይመታኛል እንጂ አይገባኝም ነበር። አንድ ሰው ቆሞ ሲያነበው በሰማሁ ቀን ነው የከፈተልኝ። ለካ መምህር ስለ «አደፍርስ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

የምሳሳለት ገጣሚ ግን ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ሠዓሊ ነበር፤ ግጥሙም ሥዕል ነው። አስቸጋሪ ቃል አይፈልግም። አገሩን አጥቶ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ሞተ፤ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተሰኘው የግጥም መድበሉ የታተመው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ቀን ማተሚያ ቤት ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ሳነበው አለቃዬ መጥቶ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። እንባዬ መውረዱን አላወቅኩም ነበር። ይህ ትችት እንዳልሆነ አውቃለሁ።


ቤይሩት ያለችው፦

እኔ የማነበው በስልክ ነው። አንድ ሰው ገጹን እያነሣ በቴሌግራም ይለቀዋል፤ እኔ ሥራዬን ስጨርስ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አነባለሁ። ሕገ ወጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ አዟሪው ወንድሜ ስለ ደራሲዎቹ ብድር የጻፈውን ሳነብ ፊቴ ጋለ። ግን እዚህ አገር የአማርኛ መጽሐፍ ከየት ልግዛ? የወር ደመወዜንስ ለማን ልላክ?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደዚያ አነበብኩት። ፎቶውን ባነሣው ሰው ጣት ጥላ የተሸፈነ ገጽ ነበረው፤ ሁለት ገጽ ደግሞ ጨርሶ የለም። ሰብለ ወንጌል ከቤቷ የምትወጣበት አካባቢ ነው። እነዚያ ሁለት ገጾች ላይ ምን እንዳለ ለብዙ ጊዜ በራሴ ሐሳብ ስሞላቸው ኖርኩ። እኔም ከቤቴ የወጣሁት በሌሊት ነው። አገር ቤት ስገባ መጀመሪያ የምገዛው እሱን ነው፤ በሙሉ ዋጋው።

ፍቅሩ ደካማ ነው ያልሽው አልገባኝም። ለእኔ የገባኝ ፍቅሩ ብቻ ነበር።


ባለ መዝገቡ፦

ሁላችሁም ልብ ወለድ ላይ ናችሁ። እኔ ልብ ወለድ ማንበብ ካቆምኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ የማነበው መዝገበ ቃላት ነው። የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ማታ ማታ አንድ ገጽ እያልኩ። ይህም የ1962 ዓ.ም. ነው፤ መምህር ከጠሯቸው ከሁለቱ ልብ ወለዶች ጋር በአንድ ዓመት የወጣ። ምን ያለ ዓመት ነበር!

ስለ አርታኢ ስትነጋገሩ ያሰብኩት ይህን ነው። የግእዙን መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ሳይፈጽሙ ሲያልፉ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ አሉ፤ እሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ለአለቃ ደስታ አደራ አሉ። አለቃ ደስታ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ግን የመምህራቸው ስም ነው። የራሳቸውን የአማርኛውን ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። የሌላውን ሰው ድካም ተቀብሎ፣ አርሞ፣ አሟልቶ፣ በባለቤቱ ስም ማውጣት እኛ ዘንድ የቆየ ሙያ ነበር። ከየት እንደተቋረጠ ባውቅ ደስ ባለኝ።

ስለ መጽሐፉ በግልጽ ተናገሩ ከተባለ፦ አንዳንድ ፍቺው ላይ አለቃ ይቆጣሉ፣ ይመክራሉ፣ ይፈርዳሉ። መዝገበ ቃላት እንደዚያ አይጻፍም የሚል ሰው ይኖራል። እኔ የምወደው ለዚያ ነው፤ ከቃሉ ጋር ሰውየውም ይገኛሉ።


አራሚዋ፦

አምስት ቀን ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ስትጽፉ የነበረውን ሁሉ አንብቤያለሁ።

ጣዝማ፣ ስለ በዛብህ ያልከውን ይዤ ወደ መጽሐፉ ተመልሻለሁ። በፊታውራሪ ቤት ያለውን ክፍል እንደገና አነበብኩት፤ ገመዱ ታየኝ። ግማሽ መንገድ አምጥተኸኛል። ቤይሩት ያለችው እህቴ ደግሞ የቀረውን ግማሽ። እኔ ያን መጽሐፍ በሰላም፣ በቤቴ፣ በመብራት ነው ያነበብኩት፤ የጎደለኝ ገጽ አልነበረም። የኔ ቅጂ እዚህ አለ፤ እነዚያን ሁለት ገጾች በእጄ ገልብጬ በግል መልእክት ልኬልሻለሁ።

አዟሪው ወንድሜ፣ ሽፋኑን በማለትህ አትጸጸት፤ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ግን አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል። ጊዜ አለኝ፣ ዐይኔም እስካሁን ያያል። ረቂቅ ይዞ ወደ አንተ የሚመጣ፣ መክፈል የማይችል ደራሲ ካገኘህ ወደ እኔ ላከው። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት አነባለሁ። ፊደሉን ብቻ አይደለም። የሞተ ሰው ቡና ሲያፈላ ካየሁ እናገራለሁ፤ እሱም እንደሚሰማኝ አስቀድሞ ይስማማ።

መምህር፣ «አደፍርስ» አሁን ገጽ መቶ አርባን አልፏል። ብቻዬን ድምፅ አውጥቼ ማንበብ አፍሬ ለእናቴ ማንበብ ጀመርኩ። እናቴ የይፋት ሰው ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም። የመጀመሪያውን ማታ ዝም ብላ ሰማችኝ። በሁለተኛው ማታ ወይዘሮ አሰጋሽ ስትናገር መሳቅ ጀመረች፤ «ይቺን ሴት አውቃታለሁ» አለችኝ። ትናንት ማታ አንድ ቃል ላይ አስቆመችኝ። ደግሜ አነበብኩት። ራሷን ነቀነቀች። «ይጠብቃል፤ አላልተሽ ስታነቢው እኮ ስድቡ ጠፋ» ብላ ቃሉን ራሷ አለችው፣ ከዚያም እንዳለችው እስክለው ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።